የነጭ ወገቡ ፉጨት

ለማትሰማኝ፣ ግን ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚመግለው ጆሮህ ተሻለህ ወይ? እማዬስ ደህና ናት? ጉልበቷስ፣ ወገቧስ፣ ያ የማይለቃት ሳሏስ? አክስታችን አሁንም ያለ መነጽር ክር በመርፌ አስገባለሁ እያለች ትከራከራለች? የጣሪያው ቀዳዳ ተደፈነ ወይስ ሳፋው ዛሬም ከሥሩ ተቀምጧል? ላሟስ ወለደች? እኔ ከሽታው በቀር ደህና ነኝ። የምተኛበት አለኝ፣ የምበላው አለኝ፤ የናፍቆቱን ነገር ግን ተወው።

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው። ቆመህ ከጀመርከው መሀል ላይ አጥፈህ ኪስህ እንደምትከተው አውቅሃለሁ፤ ስድብ አለበት። ሹፌሩ ከደብዳቤው ጋር የሰጠህን፣ ጨርቅ የለበሰውን የሽቦ ቤት ገና አትክፈተው። ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ድመቷን አባርርና ወደ ንባብህ ተመለስ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናዘዝ። እስከ ዛሬ በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ «ወፍ ተንከባካቢ ነኝ» እያልኩህ ነበር። ውሸት ነው። እኔ ትል አርቢ ነኝ። ከልጅነቴ ተጸያፊ እንደ ነበርኩ አክስታችን ትነግርሃለች፤ ዝንብ ያረፈበትን ቁራሽ ለአንተ አጉርሼ እኔ ጦሜን የምውል ሰው ነበርኩ። ዛሬ እንጀራዬ ከትል ሆነ። በወፍ ቤቱ ጓሮ መስኮት የሌላት ክፍል አለች። ፉርሽካ የተሞሉ ሳፋዎች ተደርድረውባታል፤ ጠጋ ስትላቸው ፉርሽካው ይንቀሳቀሳል። ትሉ ነው። ጠዋት ጠዋት በወንፊት እነፋዋለሁ፣ የሞተውን ከደህናው እለያለሁ፣ ለየወፉ በማንኪያ እሰፍራለሁ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቤ እንኳ ዳቦ ስቆርስ ጣቶቼ ላይ የሚሄድ ነገር ያለ ይመስለኛል።

አሠሪያችንን «ሽቶው» እንለዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው። ወለሉን አያስጠርግም፣ መስኮት አያስከፍትም፤ ገዢ ሲመጣ ግን አንገቱ ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ አንድ ቀንማ ኩስ የረገጠ ጫማው ላይ ሽቶ ሲነፋ አይቼዋለሁ። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ማለት ይህ ነው። ኩሱ ብቻውን ቢሆን ይለመዳል። ኩስና ሽቶ ሲደባለቅ ግን ጠዋት የጠጣሁት ሻይ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል።

ቤቱ የሚነግደው በሚዘምር ወፍ ነው። እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ እንጨት ተተክሎ ወፎቹ በየሽቦ ቤታቸው ይሰቀላሉ፤ ዳኞች ከሥር ቆመው አንገታቸውን አቅንተው ያዳምጣሉ፤ ያሸነፈውን ወፍ ጌታ ሰው ሁሉ ይከበዋል። የሁሉም አለቃ እኛ ነጭ ወገብ የምንለው ወፍ ነው። ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ አስብ ነበር፤ ከጓሯችን ሸለቆ አጠገብ ነውና ያደግከው። አሁን ግን መጠርጠር ጀምሬአለሁ። ስለዚህ ልንገርህ።

ራሱና ጀርባው እንደ ተወለወለ ጫማ ጥቁር ነው፤ ሆዱ የጡብ ቀለም አለው፣ ጭራው ከቀረው አካሉ ይረዝማል። ወገቡ ላይ ያለችው ነጭ ሲበር ብቻ ነው በደንብ የምትታየው። ፀሐይ አይወድም። ወንዝ ዳር፣ ቀርከሃና ሐረግ በተጠላለፈበት ጨለማ ውስጥ ይኖራል፤ መሬት ወርዶ የረገፈ ቅጠል እየገለበጠ ትልና ፌንጣ ይለቅማል። ጎጆው የበሰበሰ ግንድ ቀዳዳ ነው። ሚስቱ ደረቅ ቅጠል አንጥፋ አራት እንቁላል ትጥላለች። የምትታቀፈው እሷ ናት፤ የእሱ ሥራ ዘብና ዘፈን ነው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን ሁለቱም እኩል እየተመላለሱ ያጎርሳሉ፤ ከስንቱ ባል ይሻላል። ሌላ ወንድ መንደሩ ገብቶ ድምፁን ካሰማ ደግሞ ጭራውን እያራገበ፣ «ጭክ ጭክ» እያለ ለጠብ ይመጣል።

የሚያዘውም በዚችው ጠባዩ ነው። አጥማጁ በሽቦ ቤት ያለ ሌላ ወንድ ይዞ ጫካ ይገባል፣ የጫካው ባለቤት በሆነው ወፍ ሠፈር ይሰቅለዋል፣ ዙሪያውን ሙጫ የተቀባ እንጨት ይሰካል። ባለቤቱ ሚስቱንና ልጆቹን ሊጠብቅ እየበረረ መጥቶ እንጨቱ ላይ ያርፋል። በቃ። ለፍርሃቱ ወይም ለሆዱ ሲል ቢያዝ ኖሮ እንዲህ ባልተንገፈገፍኩ ነበር። ቤቱን ሊጠብቅ በመጣበት እግሩ!

ለእኛ ቤት የሚያጠምደውን ሰው «ሙጫ» እንለዋለን። ጥፍሮቹ ሥር የደረቀ ሙጫ አለ፣ ሙጫው ላይ ላባ ተጣብቋል፣ በዚያው እጁ ይበላል። ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ ነጭ ወገብ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣ። በካልሲ እልሃለሁ፤ ያውም በታጠበ እንዳይመስልህ። የግራ ክንፉና ጭራው በሙጫ ተያይዘው እንደ አሮጌ ቡሩሽ ሆነዋል፤ ሙጫው ላይ ጉንዳን ሞቷል። ሽቶው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ «አጽጂው» አለኝ። በዘይት አለሰለስኩት፣ አመድ ነሰነስኩበት፣ በጨርቅ ጠረግሁት። ላባው ከሙጫው ጋር እየተነቀለ እጄ ላይ ቀረ። ወፉ ግን አልጮኸም። አንድ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ቀረ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ትሉን ስሰፍር ከኋላዬ አፏጨ። ሦስት ወደ ላይ የምትወጣ፣ አንዲት ወደ ታች የምትወርድ፤ መጨረሻዋ ላይ ትንፋሽ የሚያመልጣት፣ «ፉስ» የምትል ፉጨት። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ፣ ትሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። እኔ ትል ወለል ላይ ተበትኖ ሳልጮህ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ አባባ ሲሞት አንተ ገና ትድህ ነበር፤ ስለዚህ አታውቃትም፤ ነግሬህም አላውቅም፤ በዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። አባባ መጋዝ ሳቢ እንደ ነበር ታውቃለህ። አንድ ቀን የመጋዙ እጀታ አፈንግጦ የፊት ጥርሱን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ሲያፏጭ መጨረሻዋ ላይ በጥርሱ ክፍተት ትንፋሽ ያመልጠው ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ ሸለቆው አፍ ላይ ቆሞ ያቺን ፉጨት ይለቃታል። እማዬ ሰምታ ውሃ ታሞቃለች፣ እኔ ሮጬ የምሳ ዕቃውን እቀበለዋለሁ። ዓመት ከዓመት በዚያችው ሰዓት፣ በዚያችው ቦታ። ለካ በቀርከሃው ውስጥ ሌላም የሚሰማ ነበረ።

የወፍ ሐኪሙ፣ ሽማግሌና ዝምተኛ ሰው ነው፣ ጥፍር ሊቆርጥ በመጣበት ቀን ጠየቅኩት። ነጭ ወገብ ዘፈኑን ከእንቁላሉ ይዞት አይወጣም አለኝ። ልጁ በመጀመሪያው ዓመቱ ከአባቱና ከጎረቤት ይማራል፤ በዙሪያው የሚሰማውንም፣ የሌላ ወፍ ጥሪም ይሁን የበር ሲጥሲጥታ፣ ደስ ካለው ጨምሮ የራሱ ያደርገዋል። የአባባን ፉጨት የሰማው ወፍ ሞቷል። ልጁን አስተምሮ ነው የሞተው፤ ልጁም ልጁን። እኛ አባባን ከቀበርን ወዲህ እነዚህ ጥቋቁር ፍጥረቶች ማንም ሳይከፍላቸው፣ ማንም ሳያመሰግናቸው ተቀባብለው አቆዩት። እኔ ልጁ ምን አቆየሁ? ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም።

ሙጫ ተመልሶ ሲመጣ ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። ተኩራራ። መብረቅ የሰነጠቀው ዛፍ ያለበት ሸለቆ ነው (የእኛው የጓሮ ሸለቆ!)፣ የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብሏል አለኝ። መንገዱንስ ማን አሳየህ ብዬ ብጠይቀው «አንድ የሠፈሩ ልጅ፤ ለጫማ ሲል የእናቱንም ቤት ያሳያል» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ መሀል ምግብ ነበረ። የላክህልኝ ፎቶ ወዲያው ታወሰኝ፤ እግርህን ወደፊት ዘርግተህ የተነሣኸው። እኔ ደግሞ ጅሏ «ጫማህ አምሮብሃል፣ በርታ!» ብዬ መልሼልሃለሁ።

ኤዲያ! ተጸየፍኩህ። እህት ለወንድሟ እንዲህ አትጽፍም፤ ግን ዋሽቼ ልጻፍልህ? ሦስት ቀን ያንን ፎቶ ገልብጬ አስቀመጥኩት። እንዴት ያ ሰው እጁን ሲዘረጋልህ ጨበጥከው? ጥፍሩን አላየህም? በቀዳዳው ውስጥ ሴቷና ጫጩቶቹ እንደ ነበሩ ሳታውቅ ቀርተህ ነው? ሙጫ ሴት አይወስድም፤ አትዘፍንም፣ አትሸጥም። ጫጩቶቹንም አይወስድም። ብቻዋን አራት አፍ ታጎርሳለች ብለህ ነው?

ከዚያ በኋላ ግን ራሴን አየሁና ይባስ ተጸየፍኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ባለፈው ዓመት «እዚህ የእኛን ነጭ ወገብ እንደ ሙሽራ አንቀባርረው ያኖሩታል፣ ሰው ይሻማበታል» ብዬ የጻፍኩልህ ማን ሆነና ነው? እኔ ነኝ። የትል ክፍሉን ላለመናገር፣ እህቴ ደህና ቦታ ናት እንድትል ብዬ ያሳመርኩት ወሬ ነው። አንተም አመንከኝ። ወፉን ለሙሽርነት የሰጠኸው መስሎህ ይሆናል። እንግዲህ ጫማውን ያደረግከው አንተ፣ መንገዱን የጠረግሁት እኔ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስማ። በውድድሩ ሕግ ነጭ ወገብ የሌላ ወፍ ድምፅ ቢቀላቅል ያስመሰግነዋል፤ የሰው ፉጨት ካለበት ግን «እድፍ አለው» ይባላል። እድፍ ያለው ወፍ ይታጠባል። ማጠብ የሚሉት ውሃ የለበትም። የሽቦ ቤቱን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ያሸነፈ ወፍ ዘፈን የተቀዳበትን ድምፅ ማጉያ አጠገቡ ያደርጉና ከጠዋት እስከ ቀትር ያጫውቱበታል፤ በጨለማ ሌላ የሚሰማው ስለሌለ የራሱን ጥሎ ያንን ይይዛል። ሽቶው ፉጨቷን ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ። «የማን ባለጌ ነው ያስተማረው! እጠቢው» አለኝ።

አጠብኩት። ምን ልበልህ? ሥራዬ ነው ብዬ ጨርቁን ጣልኩበት፣ ማጉያውን ከፈትኩት። የአባቴን ድምፅ በገዛ እጄ ሳጥብ ዐሥራ ሁለት ቀን ዋልኩ። በስምንተኛው ቀን መጨረሻዋ ላይ ያለችው ትንፋሽ ቀጠነች። በዐሥራ ሁለተኛው ጨርቁን ስገልጥ ሦስቱን አፏጭቶ አራተኛዋን ተዋት። ሽቶው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ። የነካኝን ቦታ ቤቴ ስገባ በሳሙና ፈተግሁት።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ የአንተ ደብዳቤ ደረሰኝ። መጨረሻው ላይ፣ ከላሟ ወሬ ቀጥሎ፣ «እማዬ አመሻሽ ላይ ጓሮ መቀመጥ ትታለች፤ ብርድ ፈርታ ይመስለኛል፤ በጊዜ ገብታ ትተኛለች» ብለሃል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅ ሳለን ለጥላው ነው፣ ለነፋሱ ነው እንል አልነበር? በርጩማዋን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራ፣ ሥራ ሳትይዝ፣ ያለ ወትሮዋ ዝም ብላ የምትቀመጠው? እማዬ ብርድ ፈርታ አታውቅም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ባሏ ከሥራ ሲመለስ እየሰማች ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም፤ እብድ እንዳይሏት ይሆናል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሳይመለስ ቀረ። እኛ ሁለታችን ነን ያስቀረነው።

በማግሥቱ ማጉያውን ዘጋሁት። ጨርቁን አላነሣሁም፤ ሽቶው እንዳያይ። ራሴን ከጨርቁ ሥር አስገብቼ አፏጨሁለት። ሴት ልጅ አታፏጭም እያለች እማዬ የቆነጠጠችኝ አንድ ቀን እንደሚጠቅመኝ ማን ያውቅ ነበር። ሦስቱን አወጣኋቸው፣ አራተኛዋንም አወረድኳት፤ ትንፋሿ ግን አልመጣልኝም፤ ጥርሴ ሙሉ ነው። ወፉ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠኝ። በሁለተኛው ቀን ደገመልኝ። በአራተኛው ቀን እኔ ያልቻልኳትን «ፉስ» ራሱ ጨመረባት። ከወፍ ኩስ ጋር በአንድ ጨርቅ ሥር ተሸፍኜ አለቀስኩ፤ ሽታው እንኳ አልተሰማኝም።

ያለፈው እሑድ ሽቶው አዲስ ኮት ለብሶ፣ ሽቶውን ደፍቶ ወፉን ሜዳ ላይ ሰቀለው። ዳኞቹ ቆሙ፣ ሰው ጸጥ አለ። ነጭ ወገባችን ጭራውን ወደ ላይ አነሣና ያቺን አፏጨ፤ አንዴ አይደለም፣ አምስት ጊዜ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ዳኛ «ይህ ወፍ አይደለም፣ አሮጌ አናጺ ነው» አለ። ብዙም አልሳተም። ሽቶው ፊቱ ደም መስሎ፣ ሽቦ ቤቱን አውርዶ እግሬ ሥር ወረወረውና «ለድመት ስጪው» አለኝ። እሺ ጋሼ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ በደስታ እሺ ብዬ አላውቅም። ሥራውን በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። አንድ ዳቦ ቤት ሴት ይፈልጋል አሉ፤ ቢያንስ ሽታው ደግ ነው።

እንግዲህ ጨርቅ ለብሶ አጠገብህ የተቀመጠው እሱ ነው። አሁን በደንብ አንብብ። ከታች ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ትል አለ፤ አትጸየፈው፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ውሃ ስጠው። ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበርና ዛሬ ይረፍ። ነገ ጠዋት መብረቅ ወደ ሰነጠቀው ዛፍ ሂድና ሙጫ የተቀባ እንጨት የቀረ እንደሆነ አንድ በአንድ ነቅለህ አቃጥል። ቀዳዳውንም እይ። ያየኸውን አትደብቀኝ፣ ባዶም ቢሆን ጻፍልኝ። አመሻሽ ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል ሽቦ ቤቱን ቀርከሃው አፍ ላይ አድርገህ በሩን ክፈት፤ አትጎትተው፣ አትግፋው፣ በራሱ እግር ይውጣ። ጭራው ግማሽ ነው፤ የወፍ ሐኪሙ ይበቅላል ብሎኛል። ሌላ ወንድ ሠፈሩን ይዞበት ከሆነ ይጣላሉ፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው፣ አትግባ። ሙጫ ዳግመኛ ከመጣ ግን የአንተ ጉዳይ ነው። እንዴት እንደምታባርረው አላስተምርህም፤ የመጋዝ ሳቢ ልጅ ነህ።

ለአክስታችን ሰላም በልልኝ፤ መነጽሩን ከሹፌሩ ጋር ልኬላታለሁ፣ ለእኔ አይደለም ብላ እንዳትመልሰው። ለአጎታችን፣ ለሚስቱና ለመንታዎቹ ሰላምታዬን አድርስ፤ መንታዎቹን ማን ማን እንደሆነ ለይተህ ሳምልኝ። ግድግዳ ለምትጋራን ጎረቤታችን፣ ከነዶሮዎቿ፣ ሰላም በልልኝ። ላሟንም ጀርባዋን እከክልኝ።

ለእማዬ በቃል የምትነግራት የለኝም። ይህንንም ደብዳቤ አታንብብላት። በሩን ከመክፈትህ በፊት በርጩማዋን አውጣና እንደ ድሮው ፊቷን ወደ ሸለቆው አድርገህ አስቀምጣት፤ ለምን ብላ ብትጠይቅህ እትዬ ናት ያለችው በላት። ውሃም ጥደህ አሙቅ። ከዚያ ያንን ጫማህን አውልቅና እግሯ ሥር ቁጭ በል። ዛሬ ባያፏጭ ነገ ያፏጫል፣ ነገ ባያፏጭ ከነገ ወዲያ፤ ከበርጩማዋ ሥር አትነሣ። ስትሰማው ሦስቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አንዷ ትወርዳለች። መጨረሻዋ ላይ ትንፋሽ የምታመልጠው፣ እሱ አባትህ ነው።

የምትጸየፍህና የምትወድህ እህትህ

ከወፍ ቤቱ ጓሮ፣ ከትል ክፍሉ ደጃፍ
ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን